ስለ ወፍጮ ሞተር፥ ስለ ባለቤቱና ስለ መካኒኩ

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና አጠባበቅ ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ ግን ይዘናችሁ ወደ ወፍጮ ቤት እንገባለን። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ፥ «ደግሞ የሞተር ነገር ለቤተ ሰብ ምን ይረባዋል?» ይሉ ይሆናል። የመብራት ኀይል ባልደረሰበት ቀበሌ የኖረ ሰው ግን ይህን አይጠይቅም። የናፍጣው ሞተር በቆመ ቀን እናት ወደ ድንጋይ ወፍጮዋ ትመለሳለች፤ ልጂቱም እናቷን ልታግዝ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ከሩቅ የመጣው አህያ ጭነቱ ሳይራገፍለት ዳገቱን ይመለሳል። ስለዚህ ሞተሩን ማን ይንካው የሚለው ጥያቄ የቤተ ሰብ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውም ይህ ነው። ናፍጣው ወደ ሞተሩ የሚረጭበት ጊዜ የተዛባ ሲመስለን ቍልፍ አንሥተን ራሳችን እናስተካክለው? ወይስ ገንዘብ ከፍለን መካኒክ እናስመጣ? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ባለፈው ዘመን የደረሰብንን እንድንነግራችሁ ፍቀዱልን፤ በዚህ ነገር እኛ ራሳችን ከጥፋቱ ነጻ አይደለንምና።

ነገሩ የሆነው በመንዝ፥ ከጓሳ ዳርቻ ባለች አንዲት መንደር ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበረ፤ ለገና የቀረው ከዐሥር ቀን አይበልጥም። የጓሳን ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሣሩ ላይ የወረደው ውርጭ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንኳ ቶሎ አይለቅም፤ ሰውም ባናውን እስከ ዐይኑ ድረስ ተከናንቦ ይወጣል። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ስለ ነበረ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከረጢትና ስልቻ ተደርድሯል። የወፍጮው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ናቸው። ከባላቸው የወረሱት አንድ ሲሊንደር ያለው፥ በእጅ በማንቬላ የሚነሣ፥ ሁለት ትልልቅ መንኰራኵር ያሉት ሞተር ነበረ። ያ ሞተር አራት ልጆች አሳድጓል።

በዚያ ሰሞን ሞተሩ ኀይል አነሰው፤ ገብስ ሲበዛበት ያጓራል፤ ከጢስ መውጫውም ጥቁር ጢስ ይተፋል። መካኒክ ለማስመጣት መኪና መጠበቅ ነበረ፤ የመንገድ ወጪው፥ የውሎ አበሉና የእጁ ዋጋ ደግሞ ለእኒህ እናት ቀላል አይደለም። ታላቁ ልጃቸው ዐሥረኛ ክፍልን የጨረሰ፥ ከእኛ ዘንድ የፊዚክስን ትምህርት የተማረ፥ እጁ ከሥራ የማይሸሽ ጎበዝ ነው። እኛም ዘመድ ልንጠይቅ ወደዚያ ወጥተን ስለ ነበር ወደ እኛ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ጥቁር ጢስ የሚወጣው ናፍጣው ዘግይቶ ስለሚገባ ነው አይደለም?» አለን።

እኛም ስለ ሞተር ከመጽሐፍ ያነበብነው ጥቂት ነገር ነበረና፥ «ይመስላል» አልነው።

እናቱ በበኩላቸው፥ «ልጄ፥ አባትህ ያን ብሎን አንድም ቀን ሲነካው አላየሁም» ብለውት ነበር። ልጁ ግን የመምህሩን ቃል ይዟል። ከናፍጣ መግፊያው ፖምፓ በታች ያለውን ብሎን ፈትቶ አዞረው፤ ስንት ዙር እንዳዞረው አልቈጠረም። ከዚያ ማንቬላውን ይዞ እንደ ልማዱ አሽከረከረና የትንፋሹን መልቀቂያ ዘጋው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ መንኰራኵሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ማንቬላውም ከእጁ ሳይወጣ አብሮ ተመለሰ። የቀኝ ክንዱ አጥንት ከአንጓው በላይ ተሰበረ። የገናን በዓል ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ዋለ። እኛም «ይመስላል» ያልናትን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አልረሳናትም።

እንግዲህ ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ15 እስከ 20 እጅ ድረስ ያጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የመኪና ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው። በዚያ ትኩስ አየር ላይ ናፍጣው እንደ ጉም ደቆ ሲረጭበት ያለ ክብሪት ራሱ ይነዳል።

ይህን አሳብ ወደ ሥራ ያደረሰው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1858 በፓሪስ ተወለደ፤ በ1893 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1897 አውግስቡርግ በተባለችው ከተማ ሞተሩ ተፈትኖ ብርታቱ ታወቀ። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ከመርከብ ላይ ጠፍቶ በባሕር ሞተ። በእርሱ ጊዜ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚነፋው የታመቀ አየር ስለ ነበረ መሣሪያው ትልቅና ከባድ ነበረ። የቦሽ ፋብሪካ በ1927 ናፍጣውን ራሱን በኀይል የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ በብዛት መሥራት ሲጀምር ነው የናፍጣ ሞተር ወደ ጭነት መኪናና ወደ እርሻ መሣሪያ በሰፊው የገባው። በ1930 ገደማ ደግሞ ደርስሊ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ያለው የሊስተር ፋብሪካ በብርድ አገር በማንቬላ የሚነሣ፥ በደቂቃ 650 ጊዜ ገደማ ብቻ የሚዞር ዝግተኛ ሞተር አወጣ። የዚህ ሞተር አምሳያዎች ኋላ በህንድ አገር በብዛት ተሠርተዋል። ለወፍጮና ለውሃ መሳቢያ የሚስማማ፥ በቀላሉ ተፈትቶ የሚገጠም መሣሪያ ነው። የእኒያ እናት ሞተር ከዚህ ዘር ነበረ።

አሁን ወደ ጊዜው ነገር እንምጣ። ናፍጣ በተረጨበት ቅጽበት አይነድም፤ መሞቅ፥ መትነንና ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ስለዚህ ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መረጨት አለበት። ይህ ቀደምትነት የሚለካው በመንኰራኵሩ ዙር ነው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ በብዙ ዝግተኛ ሞተሮች ላይ ናፍጣው መግባት የሚጀምረው ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ 20 ዲግሪ ገደማ ሲቀረው ነው። የእያንዳንዱ ሞተር ልክ ግን በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ የጎረቤት ሞተር ልክ ለእኛ ልክ አይሆንም።

እስቲ የሒሳቡን ነገር ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ አስሉት። በደቂቃ 650 ጊዜ የሚዞር መንኰራኵር በአንድ ሴኮንድ 3,900 ዲግሪ ይጓዛል። እንግዲያው 20 ዲግሪ የሚወስደው ከአንድ ሴኮንድ 200 እጅ አንዱን ነው። ናፍጣ የሚረጨው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለ ሆነ በደቂቃ 325 ጊዜ፥ በአንድ ሰዓት 19,500 ጊዜ ይሆናል። ልኩ ሲዛባ እያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ቢመስልም ሞተሩ በሰዓት 19,500 ጊዜ በተሳሳተው ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ናፍጣው በጣም ቀድሞ ሲገባ እሳቱ የሚነሣው ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነው። ያን ጊዜ እሳቱ ፒስቶኑን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ይንኳኳል፤ መሽከርከሪያዎቹ ይጎዳሉ። በማንቬላ በዝግታ በሚነሣበት ሰዓትማ መንኰራኵሩ ገና ጉልበት ስላላገኘ እሳቱ ያሸንፈውና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የልጁን ክንድ የሰበረው ይህ ነው። ዘግይቶ ሲገባ ደግሞ እሳቱ ፒስቶኑን እያሳደደ ይወርዳል፤ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሥራ ሳይሠራ በጢስ መውጫው ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ከሞቀ በኋላም ነጭ ወይም አመድማ ጢስ ሊያሳይ ይችላል።

ጥቁር ጢስስ? ጥቁር ጢስ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ አየር ነው። ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ሙሉ በሙሉ ያልነደደው ቅሪት ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እኛ ለልጁ ልንነግረው የሚገባን ይህ ነበረ፤ አልነገርነውም፤ አላወቅነውምና።

ከሁለት ቀን በኋላ መካኒኩ ከመሐል ሜዳ መጣ። ዕድሜው የገፋ፥ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን ሳይከፍት አስቀምጦ ሦስት ነገር ጠየቀ። «ምን አያችሁ? ምን ነካችሁ? ስንት ዙር አዞራችሁ?» ሁለቱን መለስንለት፤ ሦስተኛውን መመለስ አልቻልንም። ቀጥሎ ብሎኑን ሳይሆን የአየር ማጣሪያውን ፈታ። ማጣሪያው በገብስ ዱቄት ተደፍኖ እንደ ሊጥ ተጋግሯል። ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሞተሩም ከዱቄቱ ብናኝ ጋር በአንድ ክፍል ይተነፍሳል። ከዚያም ወደ እኒያ እናት ዞሮ፥ «እሜቴ፥ ሞተርዎ የታፈነ እንጂ የታመመ አልነበረም» አላቸው።

ይህን ሰው በወጉ ጠይቀን ከተማርነው አንዱ ስለ አገሩ ከፍታ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት እጅ ቢደረግ ሁለቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ከሚተነፍሰው አየር በላይ ሊሠራ አይችልም። በባሕር ዳርቻ 6 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በጓሳ ላይ ከ4 ብዙም የማይበልጥ ይሰጣል። ከቆላ የመጣ ሞተር በመንዝ ሲደክም ያየ ሰው ተበላሽቷል ይላል፤ ተበላሽቶም ከሆነ ናፍጣ ይጨመርለት ይላል። ናፍጣ ሲጨመር የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ ጢሱ ይጠቍራል፤ ገንዘቡም በጢስ ይወጣል። ለደጋ ሞተር የሚበጀው ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን ከመጀመሪያው መግዛት፥ እህሉን በልክ መልቀቅና የናፍጣውን መጠን በባለሙያ ማስወሰን ነው። ቀጭንና ቀዝቃዛ አየር የናፍጣውን መንደድ ጥቂት እንደሚያዘገየውም እውነት ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካም ለከፍታ ቦታ የተለየ ልክ ይሰጣል። ይህ ግን በመጽሐፉ ልክ የሚደረግ ነው፤ በግምት የሚደረግ አይደለም።

አባቶቻችን፥ «ሥራን ለሠሪው፥ እሾኽን ለአጣሪው» ይላሉ። ይህን ተረት የሚጠቅሱ አንዳንድ ሰዎች ባለቤቱ ሞተሩን ጨርሶ አይንካ ለማለት ያውሉታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሞተሩን በየቀኑ የሚያየው፥ ድምፁን የሚያውቀው፥ ጢሱ መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስታውሰው ባለቤቱ ነው። መካኒኩ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ሁሉን ነገር ለመካኒክ የሚተው ቤት ማጣሪያ ለማጽዳት እንኳ የመንገድ ወጪ ይከፍላል፤ ሁሉን ነገር ራሱ የሚነካ ቤት ደግሞ የእኒያን እናት ልጅ ያስታውስ። ስለዚህ ሥራውን ሦስት ቦታ ከፍለን እንየው።

የመጀመሪያው ክፍል ማንም ጥንቁቅ የቤት ሰው ሊሠራው የሚገባ ነው። ናፍጣውን በንጹሕ ጨርቅና በወንፊት አጥልሎ መቅዳት፤ በበርሜሉ ሥር የተኛውን ውሃና ዝቃጭ አለመጠቀም፤ የናፍጣ ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥ፤ የአየር ማጣሪያውን፥ በተለይ በወፍጮ ቤት፥ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት፤ ዘይቱን መመልከት፤ ቺንጋው እንዳይላላም እንዳይከርርም መጠበቅ፤ ናፍጣ አልቆ እንደ ገና ሲሞላ በመስመሩ የገባውን አየር ማስወጣት። ሞተር አልነሣ ሲል ወይም ሲደክም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። የረጨት ጊዜ እንዲያው በራሱ አይዛባም፤ የሚዛባው ብሎኑ ሲላላ፥ ክፍሎቹ ሲያልቁ ወይም የሰው እጅ ሲገባበት ነው። ትናንት ደኅና ይሠራ የነበረ ሞተር ዛሬ ቢደክም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጊዜው አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል ልኩን መመርመር ነው። መመርመር መለወጥ አይደለምና ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ ሲሊንደር ባለው ቀላል ሞተር ላይ ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ቆሞና ቀዝቅዞ ሳለ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስቶኑ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ ፈልጎ በመንኰራኵሩ ጠርዝና ፊት ለፊቱ ባለው በቋሚው አካል ላይ ትይዩ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ የመንኰራኵሩን ዙሪያ በክር ለክቶ ለ360 ማካፈል። ዙሪያው 180 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንዱ ዲግሪ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው፤ 20 ዲግሪም 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከጫፉ ምልክት ቀደም ብሎ በሚያልፈው ወገን ይህን ያህል ለክቶ ሁለተኛ ምልክት ማድረግ። ቀጥሎ ከፖምፓው ወደ ናፍጣ መርጫው የሚሄደውን ቱቦ መፍታትና የናፍጣውን መስጫ ክፍት አድርጎ መንኰራኵሩን በሚሠራበት አቅጣጫ በእጅ እጅግ በዝግታ ማዞር ነው። በፖምፓው አፍ ላይ ያለው ናፍጣ መንቀሳቀስ በጀመረበት ቅጽበት ይቁም። ሁለተኛው ምልክት ከቋሚው ምልክት ፊት ለፊት ቢገኝ ልኩ ደኅና ነው፤ ብሎኑንም አትንኩት። ይህን ሦስት ጊዜ ደግሙት፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ካልሆነ ስሕተቱ ከእጃችሁ ነው።

ልኩ ተዛብቶ ቢገኝስ? የፋብሪካው መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ፥ ሞተሩም ባለ አንድ ሲሊንደርና ብሎኑ ከውጭ የሚገኝ ከሆነ፥ ማስተካከሉ ከሰው ዐቅም በላይ አይደለም። በዚህ ዓይነት ሞተር ፖምፓውን የሚገፋው ብሎን ከፍ ሲል ናፍጣው ይቀድማል፤ ዝቅ ሲል ይዘገያል። ከመንካታችሁ በፊት የነበረበትን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በደብተር ጻፉ፤ ከአንድ ዙር ስድስተኛውን እጅ ያህል ብቻ አዙራችሁ ማጥበቂያውን አጥብቁና እንደ ገና መርምሩ። ብሎኑ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ፖምፓው ውስጡን ሊሰብር ይችላል። መጽሐፉ ከሌላችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ በዚህ ነገር ግምት መካኒክ ከመጥራት ይበልጥ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ክፍል ያለ ክርክር የመካኒክ ነው። የጭነት መኪና፥ የትራክተርና ብዙ ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች ፖምፓ በልዩ መለኪያ የሚስተካከልና በፋብሪካ የታሸገ ነው። በአዳዲስ መኪኖች የረጨቱን ጊዜ የሚወስነው ኮምፒዩተር ስለ ሆነ በካቻቢቴና በፒንሳ የሚዞር ነገር የለውም። የፖምፓውን ሆድ መክፈት፥ የናፍጣ መርጫውን መፈተን፥ ማጣሪያ ከጸዳ በኋላም የማይተውን መንኳኳት መመርመር ለባለሙያ የሚተው ነው።

ስለ አደጋው ሁለት ቃል እንጨምር። ማንቬላ ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጉት፤ ተጠምጥሞ የተያዘ ማንቬላ ሲመለስ እጅን ይዞ ይመለሳል። ብሎኑ ከተነካ በኋላም ልኩ ሳይመረመር ማንቬላ ፈጽሞ አታዙሩ። ሌላው፥ ናፍጣ መርጫው ሲረጭ ለማየት እጃችሁን ፊቱ አታቅርቡ። ናፍጣው የሚወጣው ከተፈጥሮ አየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ነው፤ ቈዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቍስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሆኖ ሕመሙም በመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እጅን እስከ ማስቈረጥ የሚያደርስ ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

መካኒክ ስትጠሩም አጠራሩ ራሱ ጥበብ አለው። የነካችሁትን አትደብቁ፤ አፍሮ የደበቀ ሰው ለሁለት ቀን ሥራ ይከፍላል። ሳይጠይቅ ሣጥኑን የሚከፍተውን ሰው ተጠራጠሩት፤ ምን አያችሁ ብሎ የሚጀምረውን አክብሩት። ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ፤ ልጃችሁንም አቁሙት። ልኩን በመንኰራኵሩ ላይ በቀለም ምልክት እንዲያደርግላችሁ፥ ያወጣውን አሮጌ ዕቃም እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ያን ጊዜ የከፈላችሁት ገንዘብ ሥራውንም ትምህርቱንም ይገዛል። ሒሳቡን ስታስቡም የመካኒኩን ዋጋ ብቻ አትጻፉ፤ በሌላው ወገን ወፍጮው የሚቆምበትን ቀን፥ የሚሰበረውን ዕቃና የሚያዝነውን ገበያተኛ ጻፉ።

የጓሳ ሰዎች ስለ ጊዜና ስለ ልክ ከማንም መማር የሚያስፈልጋቸው አይደሉም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአገሩ አባቶች ያን የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ጊዜው ተወስኖ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለቤት ክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲለውጥ ቄሮውም ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን በአዲስ መልክ መተዳደሪያ አበጅቶ ጓሳውን መጠበቁን ቀጠለ። ጊዜው ሳይደርስ ማንም ማጭድ ይዞ እንዳይገባ ያስተማረ አገር፥ ናፍጣም ጊዜውን ሲስት ምን እንደሚያደርስ ለመረዳት አይቸገርም።

የእኒያ እናት ወፍጮ ለገና ዋዜማ ተነሣ። መካኒኩ ልኩን መልሶ አስተካክሎ፥ ማጣሪያውን አጥቦ፥ ሞተሩ ከደጅ አየር እንዲተነፍስ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ቱቦ አበጀለት። ጢሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጓሳ ጓሳ ነውና፤ ነገር ግን ሳሳ። ልጁ በግራ እጁ ቀለም ይዞ በመንኰራኵሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ሲያሰምር አየነው። ክንዱ ድኗል፤ በብርድ ሌሊት ግን ያመዋል። አሁን በየሦስት ወሩ ልኩን የሚመረምር እርሱ ነው፤ እስካሁን ብሎኑን መንካት አላስፈለገውም።

እኛም ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲጠይቀን የማናውቀውን «ይመስላል» ከማለት፥ «አላውቅም፤ ሄደን የሚያውቀውን እንጠይቅ» ማለትን መርጠናል። በቤታችሁ ሞተር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ ሳትተኙ ሁለት ነገር አድርጉልን። የአየር ማጣሪያውን ፍቱና ተመልከቱት፤ የፋብሪካውንም መጽሐፍ ፈልጋችሁ ዱቄት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።